ክኒኔን በተልባ ስተካ የደረሰብኝ

ይህን የምጽፈው በዋናነት ከ45 ዓመት በላይ ለሆናችሁ እህቶቼ ነው። የደም ግፊት ክኒን የምትውጡ ወይም ማረጥ ያመጣው ወበቅ እንቅልፍ የነሳችሁ ካላችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኔ ተልባን ይዤ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ተልባው ግን ጥፋት አልነበረበትም። ዛሬም ቤቴ ውስጥ አለ። ዛሬ ጠዋትም በልቼዋለሁ።

የተወለድኩት መንዝ ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን። ተልባ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ልጆች ሆነን በጾም ቀን የተልባ ፍትፍት በልተን ነው ትምህርት ቤት የምንሄደው። ሆድ ሲደርቅ ተልባ፣ ጨጓራ ሲያቃጥል ተልባ፣ የታመመ ሰው ምግብ እምቢ ሲለው ተልባ። ስለዚህ አንድ ቀን «ተልባ መድኃኒት ነው» ሲሉኝ ለማመን ጊዜ አልወሰደብኝም። ከልጅነቴ የማውቀውን ነገር እንዴት ልጠርጥር?

ነገሩ የጀመረው 48 ዓመቴ ላይ ነው። የወር አበባዬ መዛባት ጀመረ። ሁለት ወር ይጠፋል፤ ከዚያ ድንገት ይመጣል። ቀጥሎ ወበቁ መጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሰው ሁሉ ባና ደራርቦ በሚተኛበት ሌሊት እኔ ባናውን ገፍፌ፣ በላብ ተነክሬ፣ መስኮት እከፍታለሁ። ከደረቴ ተነስቶ ወደ አንገቴና ወደ ፊቴ የሚወጣ እሳት ነው የሚመስለው። ሦስት አራት ደቂቃ ያቃጥለኝና ይሄዳል። ከዚያ ብርዱ ያንቀጠቅጠኛል። በአንድ ሌሊት ሦስቴ አራቴ።

ለማንም አልነገርኩም። አፈርኩ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነጠላዬን ሳራግብ ያየችኝ ሁሉ ያወቀችብኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የመጀመሪያው ስህተቴ ይኼ ዝምታ ነው። ለጤና ባለሙያ ብናገር ኖሮ ሌላው ሁሉ አይከተልም ነበር። እባካችሁ ተናገሩ። ማረጥ በሽታ አይደለም፤ የሚያስቸግረውን ግን የሚያቀል ሕክምና አለ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የደም ግፊት እንዳለብኝ ተነግሮኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን እውጣለሁ። ግፊቴም ተስተካክሎ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ቡና ላይ ስልኳን ከፍታ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሰውዬው በእርግጠኝነት ነው የሚያወራው። ተልባ ውስጥ ሊግናን የሚባል ነገር አለ አለ። የተክል ሆርሞን ነው፤ የሴትን ሆርሞን ይተካል፤ ወበቅ ያጠፋል፤ ደም ግፊት ያወርዳል፤ ካንሰር ይከላከላል፤ ከዚህ በኋላ ክኒን ምን ያደርግላችኋል አለ። ክፋቱ ከተናገረው ውስጥ እውነትም መኖሩ ነው። ፈጽሞ ውሸት ቢሆን ኖሮ ከጊዜ በኋላ እነቃበት ነበር። ግማሽ እውነት ግን ብዙ ርቀት ይወስዳል።

በማግስቱ ጀመርኩ። አንድ ጭብጥ ተልባ አጥቤ ማታ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ። ጠዋት ዝልግልግ ሲል ከነፍሬው እጠጣዋለሁ። ሁለት ወር እንዲህ አደረግኩ። ሆዴን አለሰለሰው፤ እሱ እውነት ነው። ወበቁ ግን እንዳለ ነበር። በኋላ ነገሩን ያስረዳችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ምግብ ሳይንስ ነው የተማረችው። «አክስቴ፣ እንደገባ ነው የሚወጣው እኮ» አለችኝ። የተልባ ፍሬ ልጣጩ ጠንካራና ለስላሳ ነው። ጥርስ ያመልጠዋል፤ ሆድም አይፈጨውም። ሊግናኑ ያለው ደግሞ እዚያው ልጣጩ ላይ ነው። ያልተፈጨ ተልባ የዋጠ ሰው ዝልግልጉን ያገኛል እንጂ ሊግናኑን ብዙም አያገኝም። እናቶቻችን ዘፍዝፈው ለሆድ ድርቀት መጠጣታቸው ትክክል ነው። እኔ ግን ከእሱ ያልሆነውን ነገር ነበር የጠበቅኩበት።

ይህን ሳላውቅ «የእኛ ተልባ ሳይሆን አይቀርም ጥፋቱ» ብዬ ከአዲስ አበባ የተልባ ዘይት አስገዛሁ። ትንሽ ጠርሙስ ናት፤ ዋጋዋ ግን የወር አስቤዛ ሊሸፍን ምንም አይቀረው። ከውጭ የመጣ ነው፣ ተጨምቋል፣ ጠንካራ ነው ብዬ ነው። የእህቴ ልጅ ጠርሙሱን ስታየው አዘነችልኝ። ሊግናን ዘይት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ዘይቱ ሲጨመቅ ሊግናኑ ከፋጉሎው ጋር ይቀራል። ዘይቱ የራሱ ጥቅም አለው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦሜጋ 3 የሚባለው የስብ ዓይነት ነው። ሊግናን ፈልጎ ዘይት መግዛት ግን ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ገበያ ላይ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አይታችሁ እንዳትሸወዱ ብዬ ነው ይህን የምነግራችሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ።

ዐቢይ ጾም ገባ። በዚያን ጊዜ ተልባ መፈጨት እንዳለበት ተምሬያለሁ። ዱቄት አስፈጭቼ ትልቅ ጣሳ ሞላሁ። ጾም ስለሆነ ቤቱ ሁሉ ተልባና ሱፍ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ምቹ ሆነ። «ይኸው ዘመዶቼ ሲበሉት የኖሩትን ነው የምበላው፤ ክኒኑ ለምን ያስፈልገኛል» አልኩ። ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለባለቤቴም ለልጆቼም አልነገርኩም። በምትኩ ዱቄቱን በማር እየለወስኩ በትልቅ ማንኪያ አምስት ስድስት ጊዜ መብላት ጀመርኩ። በዛ ካለ ይበልጥ ይሠራል ብዬ ነው።

እኔ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አልቀምስም። ከ9 ሰዓት በኋላም ውሃ መጠጣት ልማዴ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ጥም አይሰማም። ተልባ ደግሞ ውሃ ይስባል። ሆድ ውስጥ ውሃ ካላገኘ ያብጥና ይደርቃል። በሁለተኛው ሳምንት ሆዴ ተዘጋ። አምስት ቀን ሙሉ። ሆድ ለማለስለስ የሚበላው ተልባ እኔን ወጥሮ ያዘኝ። ሕመሙን ለጠላቴ አልመኘውም። በሙቅ ውሃና በብዙ መከራ ተፈታ። አንጀት የመጥበብ ወይም የመዘጋት ችግር ያለበት ሰው ቢሆን ቀዶ ጥገና ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር ብለውኛል። ስለዚህ ይህን ያዙልኝ፦ የተልባ ዱቄት ያለ ውሃ አይበላም። ለአንድ ማንኪያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ጾመኛ የሆናችሁ ደግሞ ከጾም ሰዓት በኋላ እስክትተኙ ድረስ ቀስ እያላችሁ ውሃ ጠጡ።

እኔ ግን ከዚያም አልተማርኩም። መጠኑን ቀነስኩና ቀጠልኩ። ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ነው። ራሴን ከማጅራቴ በላይ ይነዝረኝ ጀመር። ጾሙ ነው አልኩ። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ አለብኝ። እንቅልፍ ማጣቱ ነው አልኩ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ መሬቱ ዞረብኝ። ሻጯ ደግፋ አስቀመጠችኝ። ሰዎች በባጃጅ አቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ወሰዱኝ። የለካችኝ ሲስተር አንዴ ለካች፤ ምንም ሳትል ደግማ ለካች። 184 በ112። ከዚያ ፊቷን አይቼ ደነገጥኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። የምወስደውን መድኃኒት ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን የከፈትኩት። ስለ ተልባው፣ ስለ ቪዲዮው፣ ስለ ወበቁ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና እንዲህ አለ፦ «ተልባውን ማን ከለከለዎት? ክኒኑንስ ማን አስቆመዎት?»

ይህቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ናት። ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች እንደሆኑ አድርጌ ያሰብኩት እኔው ነበርኩ።

ክኒኔን እዚያው ጀመርኩ። ግፊቴ እስኪረጋ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። የእህቴ ልጅ በዚያ ሰሞን መጥታ እኔ ዘንድ ሰነበተች። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው የጠቀሰውን ጥናት ፈልጋ አወጣችው። ጥናቱ እውነት ነው። ካናዳ ውስጥ የተደረገ ነው፤ ውጤቱም በ2013 ታትሟል። የእግር ደም ሥራቸው የጠበበ 110 ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ በምግብ ውስጥ ተደርጎላቸው በሉ፤ ግማሾቹ ተመሳሳይ የሚመስል ግን ተልባ የሌለበት ምግብ። ከስድስት ወር በኋላ ተልባ የበሉት ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የላይኛው ግፊታቸው በ10 ገደማ፣ የታችኛው በ7 ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለምግብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቪዲዮው ላይ ያልተነገረው ግን ዋናው ነገር ነው። ሰዎቹ መድኃኒት አቁመው አይደለም የበሉት። አብዛኞቹ የግፊት ክኒናቸውን እየዋጡ ነው ተልባውን የጨመሩት። እኔ የሠራሁት ጥናቱ ውስጥ ማንም ያልሠራውን ነው።

ያ ውጤት የሊግናን ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይበልጥ የጠረጠሩት የተልባውን ኦሜጋ 3 ስብ ነው። ተልባ ሲበላ ስቡም፣ ዝልግልጉም፣ ሊግናኑም አብረው ነው የሚገቡት።

ሐኪሙ የጨመረልኝ ሌላ ምክር አለ። ክኒንና ተልባ በአንድ ላይ አይወሰዱም። ዝልግልጉ መድኃኒቱን ሸፍኖ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሰዋል። ስለዚህ ክኒኔን ስነሳ በውሃ እውጣለሁ፤ ተልባዬን ከሁለት ሰዓት በኋላ እበላለሁ። ይህ ለግፊት ክኒን ብቻ አይደለም፤ በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት ሁሉ ነው።

ከፋሲካ በኋላ መንዝ ሄድኩ። በጣርማ በር በኩል መኪናው ወደ ሞላሌ ሲታጠፍ ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ ደስ አለኝ፤ ወበቅ ላለበት ሰው እንደ መንዝ ነፋስ የሚያሳርፍ የለም። የእህቴ ልጅም አብራኝ ሄደች። እናቴ ዕድሜዋ ከ70 በላይ ነው። ተልባ ስትሠራ ቁጭ ብለን አየናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ነገር ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

መጀመሪያ በሰፌድ አበጠረችው። ከዚያ ምጣድ ላይ በልክ እሳት አመሰችው። መንጣጣት ሲጀምር ሳታሳርር አወረደችው። ሙቀጫ ውስጥ ከታ ወቀጠችው። «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» የሚለው ተረት ከዚሁ ነው የመጣው። ከዚያ በወንፊት ነፋችው። ግርድፉ ወንፊቱ ላይ ሲቀር ለዶሮ ልትጥለው አነሳችው።

«እማማ፣ ይቆይ!» አለች የእህቴ ልጅ። ወንፊቱ ላይ የቀረው በአብዛኛው ልጣጭ ነው። ሊግናኑ የሚበዛበት ክፍል እሱ ነው። ስንትና ስንት ዓመት የተልባችንን ግማሽ ጥቅም ለዶሮ ስንሰጥ ኖረናል ማለት ነው። እናቴ ሳቀችና ግርድፉን መልሳ ሙቀጫ ውስጥ ከተተችው። ሦስቴ ደጋግማ ወቀጠችው። አሁን እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ወፍጮ ቤት የምታስፈጩ ከሆነ ሳይነፋ ውሰዱት። ፍትፍቱ ትንሽ ይሻክራል፤ ይለመዳል።

ማመሱስ ሊግናኑን አያጠፋውም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አያጠፋውም። ሊግናን ሙቀት ይችላል፤ ዳቦ ውስጥ ተጋግሮም ብዙው ይተርፋል። ማመሱ እንዲያውም ሌላ ጥቅም አለው። ጥሬ ተልባ ውስጥ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ሊያወጣ የሚችል ነገር በትንሹ አለ። አንድ ሁለት ማንኪያ ለሚበላ ጤነኛ አዋቂ አያሰጋም። እንደ እኔ ጥሬውን በብዛት ለሚወስድ ግን ጥሩ አይደለም። ሙቀት ይቀንሰዋል። እናቴ ይህን በሳይንስ ስሙ አታውቀውም። «ጥሬ ተልባ ሆድ ይነፋል፣ ራስ ያዞራል» ነው የምትለው። ሁልጊዜ ታምሰዋለች።

እዚያው ምድጃ ዳር ነው ሊግናን ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ። ሊግናን ብዙ ተክል ውስጥ አለ። ሰሊጥ ውስጥ አለ፤ አጃና ስንዴ ውስጥም በጥቂቱ አለ። ተልባ ውስጥ የሚበዛው ዓይነት ስሙ ረጅም ስለሆነ ኤስዲጂ ብለው ያሳጥሩታል። ኢንተሮላክቶን ወደሚባለው ነገር የሚለወጠውን ሊግናን በተመለከተ፣ ተልባ ከሌሎች የዕፅዋት ምግቦች ከ75 እስከ 800 እጥፍ ይበልጣል። ግን ተልባው ውስጥ ያለው ራሱ ብዙ ሥራ አይሠራም። የሚቀይሩት አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። መጀመሪያ የተጣበቀበትን ስኳር ይነጥሉታል፤ ከዚያ ኢንተሮዳዮል ያደርጉታል፤ ቀጥለው ኢንተሮላክቶን። ወደ ደም የሚገባውና ሥራ የሚሠራው ይኼ ነው። በዛሬ ቁርስ የተበላው ደም ውስጥ ከፍ ብሎ የሚታየው ነገ ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ በልቶ ዛሬ ማታ ለውጥ መፈለግ ከንቱ ነው።

ታሪኩም ይገርማል። ኢንተሮላክቶን መጀመሪያ የተገኘው ሰው ሽንት ውስጥ ነው። በ1980 ሲጽፉበት ተመራማሪዎቹ የሰው አካል ራሱ የሚሠራው አዲስ ሆርሞን ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር። በሴቶች ላይ ከወር አበባ ዑደት ጋር ከፍ ዝቅ ሲል አይተዋል። በ1982 ግን ምንጩ ምግብ እንደሆነ ታወቀ፤ ከምግቦቹም ዋናው ተልባ። የእናቴ ምጣድ ላይ የሚንጣጣው ይህ ነገር ሳይንቲስቶችን እንዲህ አሳስቶ ነበር።

ቅርጹ ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ይመስላል። ግን ደካማ ነው። የእህቴ ልጅ በሰርግ ቤት መሰለችልኝ። ኢስትሮጅን የክብር ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ባለቤት ነው። ኢንተሮላክቶን የሩቅ ዘመድ ነው። ባለቤቱ ከሌለ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትንሽ ትንሽ ያስተናግዳል። ባለቤቱ በብዛት ካለ ደግሞ ወንበሩን ይዞ ቦታ ያሳጣዋል። አንዳንዴ ኢስትሮጅንን የሚያግዝ፣ አንዳንዴ የሚጋርድ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። «የሴትን ሆርሞን ይተካል» የሚለው አባባል ግን ትክክል አይደለም። አይተካም።

ባክቴሪያዎቹ ከሌሉስ? ይህ ጥያቄ በቀጥታ እኔን ነክቶኛል። በዚያ ዓመት ለጥርስና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሁለቴ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ። አንዱን ደግሞ ሐኪም ሳያዝልኝ ከፋርማሲ ገዝቼ ነው። ፊንላንድ ውስጥ በተደረገ ጥናት አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ኢንተሮላክቶን ቀንሶ ተገኝቷል፤ ቅነሳውም ለወራት ይቆያል። መድኃኒቱ በሽታ አምጪውን ሲገድል ሊግናን የሚቀይሩትንም አብሮ ይመታል። ሰውና ሰውም ይለያያል። አንዷ ያንኑ ተልባ በልታ ብዙ ኢንተሮላክቶን ታወጣለች፤ ሌላዋ ጥቂት። ስለዚህ «ለእሷ ሠርቶላታል፣ ለእኔ ለምን» ብላችሁ መጠኑን አትጨምሩ። አንቲባዮቲክ በሐኪም ሲታዘዝ ደግሞ ጨርሱት፤ በራሳችሁ ግን አትግዙ።

ስለ ወበቁ እውነቱን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትፈልጉት እሱን ስለሆነ ነው። በ2007 በታተመ አንድ ትንሽ ሙከራ 30 ገደማ ሴቶች በቀን 40 ግራም ተልባ በልተው ወበቃቸው በግማሽ ቀንሶ ነበር። ግን የሚያነጻጽራቸው ሌላ ቡድን አልነበረም። ያው ቡድን በኋላ 188 ሴቶችን በሁለት ከፍሎ በትክክል ሞከረው። ግማሾቹ 410 ሚሊ ግራም ሊግናን ያለበት የተልባ ምግብ ለስድስት ሳምንት በየቀኑ በሉ፤ ግማሾቹ ተልባ የሌለበትን። ልዩነት አልተገኘም። ከሁለቱም ወገን ከሦስት አንድ ገደማዋ ወበቋ በግማሽ ቀነሰላት። ተልባ ያልበላችውም ማለት ነው። ወበቅ በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ተስፋም ያቀለዋል። የእኔ አሁን በሳምንት አንዴ ሁለቴ ነው። ተልባው ነው አልልም። ጊዜው ነው፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ቡና መተዌ ነው፣ በአንድ ወፍራም ባና ፋንታ ሦስት ስስ ነገር ደርቤ መተኛቴ ነው። ሲብስ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ ሐኪሜ ለእኔ ከግፊቴ አንጻር የሚሆነውንና የማይሆነውን ነግሮኛል።

አንድ የከበደኝን ነገር ልጨምር። ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ታካሚ ናት። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ኢስትሮጅንን የሚያግድ ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች። እኔ በቪዲዮው ተደስቼ በየወሩ የተልባ ዱቄት በኪሎ እልክላት ነበር። የሆርሞን መልክ ያለው ነገር ሆርሞን ለሚታገድባት ሴት እየላክሁ መሆኑ ሲገባኝ ሌሊቱን አልተኛሁም። በማግስቱ ደወልኩላትና ለሐኪሟ ከመንገሯ በፊት እንዳትነካው ለመንኳት። ነገረችው። ደስ የሚለው በዚህ ላይ የተገኘው መልስ የሚያስፈራ አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ 32 የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ቀዶ ጥገና እስኪደረግላቸው ድረስ ተሞክሮባቸዋል። በቀን 25 ግራም ተልባ ከአንድ ወር በላይ የበሉት የዕጢያቸው ሴሎች የመባዛት ፍጥነት ቀንሶ ነበር። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ሕክምና ነው ማለት ግን አይደለም። ሐኪሟ እንደ ምግብ በትንሹ ፈቀደላት፤ በኪሎ የሚላከውን ግን አስቆመ። እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ የእኔን ሐኪም ወይም የእህቴን ሐኪም መልስ አትውሰዱ። የራሷን ሐኪም ትጠይቅ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ቀዶ ጥገና የተቀጠረላችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የስኳር መድኃኒት ላይ ያላችሁም ተልባን ከወጥ ማጣፈጫ ባለፈ በየቀኑ ልትበሉ ስታስቡ አስቀድማችሁ ንገሩ። ስኳርና ግፊት ላይ ተልባው ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ ከሚፈለገው በታች ሊያወርድ ይችላል።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ብቻ አምሳለሁ። ቀዝቀዝ ሲል በቡና መፍጫ እፈጨዋለሁ፤ ሳልነፋ። ክዳን ባለው ዕቃ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የተፈጨ ተልባ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። ቀለም ቀለም ከሸተታችሁ ወይም ምላሳችሁ ላይ ከመረረ ጣሉት። ያን ጊዜ በጾም የሞላሁት ትልቅ ጣሳ ከወር በኋላ እንደዚያ ሸቶ ነበር፤ እኔ ግን መድኃኒት ስለሆነ ነው የመረረው ብዬ በላሁት። በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃኛል። አንዱ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 7 ግራም ገደማ ነው። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው እዚህ የደረስኩት፤ ሆዴም አልተነፋም። በጾም ፍትፍት አደርገዋለሁ፤ በፍስክ እርጎ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ብርጭቆ ውሃ።

ግፊቴን በየሳምንቱ እለካለሁ፤ ደብተር ላይ ቀኑንና ቁጥሩን እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት 128 በ82 ነበር፤ ከክኒኑ ጋር። ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ መጠኑን ወደፊት እንቀንስ ይሆናል ብሎኛል። የሚቀንሰው እሱ ነው።

እናቴ ዘንድሮም አዲሱ ተልባ ሲወቃ ሁለት ቁና ልትልክልኝ ነው። ወቅጣ ልትልክልኝ ነበር ያሰበችው፤ እጄ ይሻላል ብላ። «እማዬ፣ ፍሬውን እንዳለ ላኪልኝ፤ ፍሬው ሳይበላሽ ይከርማል» አልኳት። «እሺ ልጄ፣ ክኒንሽንስ ውጠሻል?» አለችኝ። ውጫለሁ።